ቀፎ ውስጥ የነበረው ዓይን

ባለርስቱ ግራዝማች ባያርፉ፣ ልጃቸው ይልማም ርስቱን ለሌላ ሰው አስተላልፎ ከአገር ባይወጣ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። አሁንም የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። ከሳጉሬ ወደ በቆጂ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ግርጌ የሚገነጠል የጋሪ መንገድ አለ። ነገሩ የሆነው በዚያ በኩል ነው፤ ከዚህ በላይ አላመለክትም። በታሪኩ ውስጥ ማንነቱን የማውቀው፣ ለእናንተ ግን የማልነግራችሁ አንድ ሰው አለ። ከወዲሁ የምናገረው በኋላ አታለለን እንዳትሉኝ ነው።

ያን ጊዜ አሰላ፣ ገበያው አጠገብ፣ በአንድ የየመን ሰው ሱቅ ጓሮ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ሥራውን የተማርኩት ከተበላሹ ሬዲዮዎችና መጀመሪያና መጨረሻው ከተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ መካከሉ ላይ ስለ ቴሌቪዥን የሚናገር ምዕራፍ ነበረው። ካሜራው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚለውጥ፣ ተቀባዩ ሣጥን ደግሞ መስመር በመስመር እየጫረ እንዴት መልሶ ምስል እንደሚያደርገው የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። ቴሌቪዥን በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ አዲስ አበባም ገና አልገባም። ያንን ሥዕል ግን ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችል ነበር።

አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ አማን ነው። የግራዝማች ጭሰኛ ነበር። ቤቱም፣ የሚያርሰው የገብስ ማሳም፣ የሚስቱ የዙበይዳ የጓሮ ጎመንም ያለው በግራዝማች መሬት ላይ ነው። ግራዝማች ውጣ ያሉት ቀን ልጆቹን አዝሎ በባዶ እጁ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እሱ ግን ሰው የሚከበው፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው የሚያስቅ ነበር። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ አንድ የወታደር ካፖርት ነበረው። ጀርባው ሲቀደድ ዙበይዳ ከድንኳን ሸራ ቆርጣ ትልቅ ነጭ እራፊ ጣፈችበት። እራፊው ከሩቅ ስለሚታይ ሳጉሬ ገበያ ላይ አማንን የሚፈልግ ሰው በዓይኑ የሚፈልገው ነጩን ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አማን ሱቁ ድረስ መጣና ግራዝማች ከአዲስ አበባ አንድ የፈረንጅ ዕቃ እንዳመጡ ነገረኝ። ለኤግዚቢሽን መጥቶ ገዥ ያጣ፣ አንድ ነጋዴ ወዳጃቸው መጋዘን ውስጥ የከረመ ዕቃ ነው። ይልማ አዲስ አበባ ስለተማረ አስነሣዋለሁ ብሎ ሞክሮ አልሆነለትም።

«የኔ ወንድም ያስነሣዋል ብዬ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ» አለኝ። «አታሳፍረኝ።»

አብሬው ሄድኩ። ሳሎን ውስጥ ሣጥኖቹን ከፈትኩ። የመጽሐፌ ሥዕል ነበር። የጫማ ሣጥን የምታህል ካሜራ፣ እንደ እጅ አንጓ የወፈረ የተጠቀለለ ገመድ፣ መካከሉ ያበጠ መስታወት ያለው ተቀባይ። ስርጭት አያስፈልገውም፤ ካሜራው ያየውን በገመድ ተቀብሎ እዚያው ያሳያል። ለግራዝማች ወፍጮ ከመጣው ሞተር ጋር ጄኔሬተር ነበር። ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ምስሉ ይኮማተርና ይለጠጥ ነበር፤ ቢሆንም የላላውን አጥብቄ፣ የዛገውን ፍቄ ስጨርስ መስታወቱ ላይ የግቢው ዶሮዎች ወጡ። ይልማ ሮጦ ወጥቶ ካሜራው ፊት እስክስታ ወረደ። ግራዝማች ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አልሳቁም።

«የሚናገረው ይሰማል?» አሉኝ።

ድምፅ እንደሌለው ነገርኳቸው።

«ያየውንስ ይይዘዋል? ነገ ልየው ብል መልሶ ያሳየኛል?»

«አይዝም፣ ጌታዬ። ያየው ያልፋል።»

ይህ ቅር አሰኛቸው። ቢሆንም አመሰገኑኝ፤ ልጄ ብለው ጠሩኝ፤ ከገበታቸው ቆርሰው አጎረሱኝ። በማግስቱ ካሜራው ውጭ እንዲተከል እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከግቢው አጥር ወዲያ ሰው የሚሰበሰብበት ትልቅ ዝግባ አለ፤ ቅርንጫፉ ላይ ንብ ያልገባበት ባዶ ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ካሜራው ቀፎው ውስጥ ይግባ፣ ዝናብ አይንካው አሉ። ሐሳቡ ጥሩ መሰለኝ። ወጥቼ አስገባሁት፤ የቀፎው አፍ ለካሜራው ዓይን ልክ ነበር። ገመዱን ከቅርንጫፉ በሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ሸፍኜ አወረድኩት፣ መሬት ላይ ጭድ አለበስኩት። ወደ ታች ስመለከት ከቀፎው ሥር ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ነበሩ። የቀፎው አፍ ለምን ወደ ድንጋዮቹ እንደዞረ አልጠየቅኩም። እኔ የጨነቀኝ በዚያ ሁሉ ርዝመት ገመዱ ምስሉን ያደክመው ይሆን የሚለው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አፈርሳታ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ልናገር። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት የግራዝማች የዘር ስንዴ ከጎተራ ተሰርቆ ነበር። ሌባው ሲጠፋ ጭቃ ሹሙ የአካባቢውን ወንድ በሙሉ አንድ ቦታ ያስቀምጣል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ካልወጣ አገሩ በሙሉ በጋራ ይከፍላል። ከሳሽ ግን በአደባባይ አይቆምም። የሚያውቅ ሰው በጆሮ ለሽማግሌ ይነግራል፤ ሽማግሌውም «ወፌ እንዲህ አለችኝ» ብሎ ያወጣዋል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሽማግሌው እንዳይናገር ምሎ ነው የሚቀመጠው፤ ስትነግረው ያየ ሰው ቢኖርም እንዳላየ ይሆናል። ደሃ በጌታ ላይ እውነት የሚናገርበት ሌላ በር ስላልነበረው ያቺን አንድ በር ሁሉም ይጠብቃት ነበር።

አፈርሳታው ካሜራውን በተከልኩ ማግስት ተጀመረ። ግራዝማች የተሰረቀባቸው ስለሆኑ ቤታቸው ተቀመጡ፤ ይልማም ከእሳቸው ጋር ቀረ፤ ይህን ማንም አልተቃወመም። እኔን ከመሣሪያው አጠገብ እንዳልነሣ አዘዙኝ። የመጀመሪያው ቀን ያለ ፍሬ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረ፤ የዚያ አገር ዝናብ ቀጭን ነው ግን አጥንት ይገባል። አመሻሽ ላይ ምስሉ ሲጨልም ዙበይዳ ያቀበለችኝን ቆሎና ጭኮ ይዤ ወደ ዝግባው ሄድኩ። አማን በሸሚዝ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ነበር። ካፖርቱ የት እንዳለ ጠየቅኩት።

«ሥራ ላይ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። አንድ ሽማግሌ ለብሶት ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳል፤ ሲመለስ ለሚቀጥለው ያቀብለዋል፤ ያ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ እሳት እንዲፈቀድ ይለምናል፤ ከዚያ ወባ የያዘው አንድ ጎልማሳ ይደርበዋል። ሁሉም ከነጭንቅላቱ ይከናነበው ነበር። አማን ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ይቀልዳል። «ይህ ካፖርት ከኔ የበለጠ ዘመድ አለው» ይላል። ሰዎቹ ይስቁ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግራዝማች ሶፋው ላይ፣ ይልማ ከጎናቸው፣ እኔ ተቀባዩ ሥር ተንበርክኬ እጄን ማስተካከያው ላይ አድርጌ ነበርን። ከቅርብ ሲያዩት መስመሮቹ ስለሚረብሹ ራቅ ብለው እንዲቀመጡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። መስታወቱ ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከላይ ወደ ታች ይታያሉ። መካከለኛው ሼህ ቃሲም ናቸው፤ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ያሳልፋሉ። ሰው እየመጣ ይጎነበሳል፣ በጆሯቸው ይናገራል፣ ይሄዳል። አንዱ ውኃ ይለምናል፣ ሌላው የታመመ ልጁን ሊያይ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ወፏም ከእነዚህ መካከል ነው የምትመጣው።

«የሰውየውን ፊት አትዩ» አሉ ግራዝማች። «የሼህ ቃሲምን እጅ ነው የምታዩት። ሽማግሌ ወፍ ስትነግረው መቁጠሪያው ይቆማል። አባቴም ይህን ያውቅ ነበር፣ ከሩቅ ሆኖ ማየት ግን አይችልም ነበር።»

ካሜራው ለምን ቀፎ ውስጥ እንደገባ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሌባውን አይደለም የሚፈልጉት፤ ሌባውን አውቀውታል። የሚፈልጉት ሌባውን የሚያውቀውን ሰው ነው። ምስሉን የሚያጠራውን ማስተካከያ በቀስታ አላላሁት፤ ምስሉ እንደ ጉም ሆነ። ይልማ ግን ወዲያው ተነሥቶ በጫማው ጫፍ ጎኔን ነካ አደረገኝ።

«አጥራው፣ ሊቁ» አለኝ። «ለማደብዘዝማ እኔም አላንስም።»

መለስኩት። ልወጣ እንደፈለግኩ ፊቴ ላይ ታይቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ግራዝማች ግን «ልጄ፣ የት ልትሄድ ነው? ምስሉን ማን ይይዝልናል?» አሉ። በሩ አጠገብ ሁለት አሽከሮች ቆመው ነበር።

ነጩ እራፊ መጣ። ተጎነበሰ፣ ተናገረ፣ ሄደ፤ መቁጠሪያው አልቆመም። ሌሎች ሰዎች መጡና ሄዱ። እራፊው እንደገና መጣ። የመጀመሪያው ረጅም ነበር፤ ይኸኛው አጭር ነው፤ ከቅርብ በግልጽ ይለያል። «አሁንም እሱ ነው» አሉ ግራዝማች ለራሳቸው። ካፖርቱ ሦስተኛ ሲመጣ ወደ ፊት አዘነበሉ። የተከናነበው ሰው ተጎነበሰና ለመደገፍ እጁን ከካፖርቱ አውጥቶ የሼህ ቃሲምን ጉልበት ያዘ። መቁጠሪያው ቆመ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ከሰውየው ጋር ዛሬም ያለ ምልክት ነው። መስታወቱ ላይ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ ከሶፋው ላይ የሚታይ አልነበረም። እኔ ግን ዓይኔ መስታወቱን ሊነካ ስንዝር ነበር የቀረው። ያየሁት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ሰውየው ቀና ሲል ምስሉ ከኋላው ጥላውን ጎትቶ አለፈ። ወንድሜ አልነበረም። ማን እንደሆነ አወቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ተነሡ። ድምፅ ስለሌለው የምናየው የሼህ ቃሲም ጢም ሲንቀሳቀስና ሕዝቡ ነፋስ እንደመታው እህል ወደ ኋላ ሲል ብቻ ነው። ይልማ «ስንዴአችን ተገኘ መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አሽከሩ ገብቶ ከበሩ ሳያልፍ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ። ግራዝማች ተናገር አሉት። ወፏ ስንዴው በይልማ እጅ ወጥቶ፣ በይልማ ጭነት ወደ አሰላ ሄደ ማለቷን ተናገረ። ይልማ ሳቁን ለማቆም ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

ግራዝማች ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። በመስታወቱ ውስጥ ከሕዝቡ ፊት ሲቆሙ አየኋቸው፤ ያሉትን በኋላ ነው የሰማሁት። የልጄ እጅ የኔ እጅ ነው፣ ከገዛ ጎተራው የወሰደ ሌባ አይባልም፣ ደክማችኋልና ወደየቤታችሁ ግቡ አሉ። ሰዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው። አብዛኞቹ እውነት ከልባቸው መረቁ፤ የጋራ ዕዳው ስለቀረላቸው። አማን ካፖርቱን ተቀብሎ ለበሰና ከሌሎች ጋር መሄድ ጀመረ። አሽከሮቹ ከመንገድ መለሱት።

ሳሎኑ ውስጥ ሲገባ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ለሥራዬ ሊያመሰግኑት የጠሩት መስሎታል። ተቀባዩ እንደበራ ነው። መስታወቱ ላይ የተረገጠው ሣርና ባዶዎቹ ድንጋዮች ይታያሉ። አማን አየው፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ዝግባው አየ፤ ከዚያ እንደገና መስታወቱን አየ። ፈገግታው ሲጠፋ ሁሉ ነገር እንደገባው አወቅኩ።

«ካፖርቱ የማን ነው?» አሉት ግራዝማች።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሌላ እንደዚህ ያለ አለ?»

«እራፊውን ሚስቴ ናት የጣፈችው። ሌላ የለም።»

«ዛሬ ይህን ለብሶ ደጋግሞ ሼህ ቃሲም ዘንድ የሄደው ማን ነው?»

አማን የሚያስበውን አውቅ ነበር። ካፖርቱን ማን ማን እንደለበሰ፣ በማን ጊዜ መቁጠሪያው እንደቆመ ባያውቅም፣ አንድ ስም ቢጠራ ያ ሰው ያለቀለት መሆኑን ያውቃል። ግራዝማች ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው አያውቁም። ካፖርት በአንድ ቀን አሥር ጀርባ ሊያሞቅ እንደሚችል ሊነግራቸው የሚችል ሰው ደግሞ ስሞቹን አብሮ መንገር አለበት።

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሜ።

ግራዝማች ወደኔ ዞሩ። «አንተ አጠገቡ ነበርክ፣ ጀማል። ወንድምህ ነው አይደለም?»

ስሙ አፌ ውስጥ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር እላችኋለሁ፤ አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉን ብተፋው አማን ከነልጆቹ ቤቱ ይገባል።

«ፊት አላየሁም» አልኩ። «መሣሪያው ከዚያ ርቀት ፊት አያሳይም። ያየሁት ካፖርት ነው።»

«ካፖርት ብቻውን አይሄድም፣ ልጄ።»

«አይሄድም፣ ጌታዬ። ግን ትናንት በዝናቡ ምክንያት ካፖርቱ...»

አማን አቋረጠኝ። «ተዉት ጌታዬ። ይህ ልጅ ሽቦ እንጂ ሰው አያውቅም። እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ።»

ይልማ ሳቀ። ግራዝማች ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥፋቱን የሚያምን ሰው እንደሚወዱ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ለእንግዳ እንደሚናገር ሰው ለስላሳ ነበር። ነገ ጠዋት መሬቴን ታስረክበኛለህ አሉት። አማን ገብሱ ገና እንዳልደረሰ ነገራቸው።

«ገብሱ የመሬቱ ነው» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ባላይ ደስ ባለኝ። ግራዝማች አሽከር አላኩም። ጎረቤቶቹን አዘዙ። ትናንት በዝግባው ሥር አብረው የተንቀጠቀጡት ሰዎች መጡና የአማንን ቤት ጣሪያ ማውረድ ጀመሩ። ካፖርቱን የለበሱትም ከመካከላቸው ነበሩ። ያ ሰውም ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን እየነቀለ ወደ ታች ይጥል ነበር፤ ከሁሉም ይበረታ ነበር። አማን ከሥር ቆሞ ምሰሶው ልጆቹ ላይ እንዳይወድቅ ያመለክታቸው ነበር። ዙበይዳ ጎመኗን ከነሥሩ ነቀለችው፤ ለእነሱ ከምተወው ብላ፤ እኔም ተቀብዬ ያዝኩላት።

ግራዝማች በበቅሎ መጡ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ሰውን ሁሉ ጸጥ አሰኙና ስሜን ጠሩ። ሁለት አሽከሮች ሣጥኖቹን፣ ካሜራውንና ተቀባዩን፣ ተሸክመው እግሬ ሥር አስቀመጡ።

«ጀማል በታማኝነት አገልግሎኛል» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያየውን አሳየኝ። ይህ ዕቃ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው።»

ጣሪያው ላይ ያሉት እጃቸውን አቆሙ። ሁሉም አዩኝ። ምን ልበል? ወንድሜን አላሳየሁም ብል፣ ታዲያ ማንን አሳየህ ነው ጥያቄው። ግራዝማች ይህን አስበውት እንደሆነ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ዓይናቸውን ሳስታውስ ግን ያሰቡት ይመስለኛል፤ ሁለት ወንድማማች በአንድ ቀን መንቀል ፈልገዋል። ዙበይዳ መጥታ ፊቴ ላይ አልተፋችም። ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። ጎመኑን ከእጄ ወስዳ ለልጇ አሸከመችው።

ሣጥኖቹን እዚያው ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ዙበይዳ ከልጆቹ ጋር ቀድማን ስትሄድ አማንን ጠየቅኩት።

«ኦቦ፣ ማን እንደሆነ አይቻለሁ። ለምን ከለከልከኝ?»

«አትንገረኝ» አለ ፈጠን ብሎ። «እኔ ማወቅ አልፈልግም።» ጥቂት ከሄድን በኋላ ቀጠለ። «ተናግረህ ቢሆን ዛሬ ጠዋት የማንን ጣሪያ አወርድ ነበር? እኔንም ያዝዙኝ ነበር እኮ። ወጥቼ ሣር እነቅል ነበር።»

አማን ቆላ ወረደ፣ ወደ አርቦዬ በኩል፣ የአንድ ዘመዳችን ዘመድ ጥግ ሰጠው። ደጋ ተወልዶ ላደገ ልጅ ቆላ አይሆንም። በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ ትንሿ ልጁ በወባ ሞተች። ለቀብር ስደርስ ዙበይዳ በሩ ላይ ቆማ «ያንተ ሣጥን ይህንንም አየ?» አለችኝና ገባች። ከዚያ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። አማን እውነቱን ሊነግራት ሞክሯል፤ አላመነችውም። ወንድሙን ሊሸፍን ነው ትላለች። ሰውን መሸፈን የሚያውቅ ባል እንዳላት እሷም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የማታምነው።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬም ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ሰው የሚያናግርበት ዕቃ እጠግናለሁ፣ ሰው የሚታይበትን ግን አልነካም። አሁን አዲስ አበባ ቴሌቪዥን ሊገባ ነው እየተባለ ነው፤ ደንበኞቼ ስለሱ ሲጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። አንድ የቆየ መጽሔት ላይ ደግሞ ውጭ አገር ምስልን እንደ ድምፅ በቴፕ ላይ የሚይዝ፣ ያለፈውንም በተፈለገ ጊዜ መልሶ የሚያሳይ መሣሪያ እንደተሠራ አነበብኩ። እንዲህ ያለው ነገር ሲፈለሰፍ ድሮ የምደሰት ሰው ነበርኩ። ያንን ገጽ አንብቤ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ግራዝማች ያ መሣሪያ ቢኖራቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ። መልሰው መላልሰው ያዩት ነበር፤ ወደ መስታወቱም ይጠጉ ነበር። ረጅሙና አጭሩ ሁለት ሰው መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ እጁ ላይ ያለውንም ያዩት ነበር። ወንድሜ ቤቱ ይቀር ነበር፤ ልጁም ዛሬ ታድግ ነበር። የዚያ ሰው ልጆች ደግሞ ቆላ ይወርዱ ነበር። መሣሪያው የማይዝ መሆኑ ያንን ሰው አዳነው፣ የእኛን ልጅ ገደለ። ሁለቱን በሚዛን ላስቀምጥ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ሚዛኑ አልቆመልኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ፈጥናችሁ አትመልሱ። መልሱ ቀላል የሚመስለው ሰው ልጁ በሕይወት ያለች ሰው ነው።

ያንን ምስል ይዞ የቀረ ነገር በዓለም ላይ አንድ እኔ ብቻ ነኝ። ሳልፈልገው ይመጣል፤ እጁ ከካፖርቱ ይወጣል፣ ጉልበት ይይዛል፣ መቁጠሪያው ይቆማል።

ባለፈው የበዓል ገበያ ሰውየውን አሰላ አየሁት። ሻይ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እሱ ከሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ጋር ገባ። ወፍሯል፣ ደህና ለብሷል። አላየኝም መስሎኝ ነበር። አይቶኛል። ወደ ጓደኞቹ ዘንበል ብሎ በአገጩ አመለከተኝና በኦሮምኛ ተናገረ፤ ሻይ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

«ያ ዝምተኛው አለ አይደል» አለ፤ «የገዛ ወንድሙን ለጌታ የሸጠው እሱ ነው። ቤቱ ሲፈርስ እኔ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ሻዬን ጨረስኩ። ስወጣ በአጠገቡ ማለፍ ነበረብኝ፤ እንደ አገራችን ወግ እጄን ዘረጋሁለት። የዘረጋልኝ ያንን እጁን ነው። ጨብጬው ስለ ቤተሰቡ ደህንነት ጠየቅኩት፤ ሁሉም ደህና ናቸው አለኝ።